ከኮሎኝ እስከ በርሊን፦ ድምፅ ፍለጋ የወጣሁበት ሳምንት

አርብ፦ ከፍራንክፈርት ወደ ኮሎኝ

ቦርሳዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ገመድ ይበዛል። ላፕቶፕ፣ የጫማ ካርቶን የምታክል ሞዱላር ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ)፣ መቅረጫ፣ የጆሮ ማዳመጫ። መቅረጫው ውስጥ አራት ደቂቃ የማይሞላ የበገና ድምፅ አለ። የሚደረድረው አባቴ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በዐቢይ ጾም አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ ሳሎናችን ውስጥ ቀዳሁት። ከበስተኋላው ውሻ ይጮሃል። እናቴ ወጥ ቤት ድስት ስትከድን ይሰማል። ያን ጊዜ ቅጂው የተበላሸ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ያችን የድስት ክዳን ድምፅ በምንም አልለውጣትም።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ቅጂ ነው። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ በርኩማው (አውታሩን የሚደግፈው እንጨት) ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለታለች። ያ እዝዝ የሚለው፣ ደረት ውስጥ የሚቀር ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። እንዚራዋ ከሌለች አውታሩ ድው ብሎ ይቆማል። አባቴ በገና ሲቃኝ ብዙ ጊዜ የሚወስድበት ይኸው ነው። ቆዳዋን ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ ያደርጋታል። ቅኝቱ ልክ ሆኖም አይበቃውም። ድምፁ እስኪያለቅስ ይጠብቃል።

እኔም ማታ ከሥራ ተመልሼ ሲንተሳይዘሩ ፊት ስቀመጥ የማደርገው እሱኑ ነው። ዜማ አልፈልግም። አንድ ድምፅ እይዝና ቀለሙን ስፈልግ አመሻለሁ። የሙከራ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚባለው ነገር ለእኔ ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ወገኖቼ "የፈረንጅ ጫጫታ" ይሉታል። ለእኛ ጆሮ ግን የራቀ አይደለም ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ስለዚህ ይህ ሙዚቃ ያደገባቸውን ቦታዎች በእግሬ ልረግጣቸው፣ የአባቴን በገና ይዤ ልሰማቸው ተነሣሁ። ሐሙስ ማታ በርሊን ውስጥ ለሁሉም ክፍት በሆነ የኢምፕሮቫይዜሽን፣ ማለትም ሳይዘጋጁ እዚያው እየፈጠሩ የሚጫወቱበት ምሽት ለመጫወትም ተመዝግቤአለሁ።

ባቡሩ ኮሎኝ ለመድረስ የፈጀበት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። የአክስቴ ልጅ ጣቢያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። አርብ ነውና ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ከቡና በኋላ ቅጂውን አስደመጥኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ጋሼ ደህና ናቸው?" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እስኪያልቅ አብረን ዝም ብለን ሰማን።

ቅዳሜ፦ ዋልራፍፕላትዝ

ከታላቁ ካቴድራል ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲሉ ዋልራፍፕላትዝ የሚባል ትንሽ አደባባይ አለ። የቬዴኤር ራዲዮ ሕንፃ እዚያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በእሱ ነው የምጽፈው) በ1951 እዚህ ኮሎኝ፣ በራዲዮ ጣቢያው ውስጥ፣ ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ብቻ የሚሆን ስቱዲዮ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊ ሄርበርት አይመርት ነበር። የዱሮው ስቱዲዮ ዛሬ ሥራ ላይ የለም። መሣሪያዎቹም ተነቅለው ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል። እኔ የማየው በርና መስኮት ነው። ቢሆንም ሳልቸኩል ቆሜ አየሁት።

ስቱዲዮው ውስጥ ምን ነበር? አብዛኛው የራዲዮ መሐንዲሶች መሣሪያ ነው። ሌላ ድምፅ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የሳይን ድምፅ የሚያወጣ ማሽን፣ ሹሹታ የሚያወጣ ማሽን፣ ድምፅ የሚያጣሩ ፊልተሮች፣ የቴፕ መቅረጫ። መስመር ለመፈተሽ የተሠራውን ዕቃ እነሱ ሙዚቃ አወጡበት። አንዱን ድምፅ ይቀዳሉ። ሁለተኛውን ይደርቡበታል። ቴፑን በምላጭ ይቆርጣሉ፣ በፕላስተር ይቀጥላሉ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን በ1953 እዚህ ሥራ ሲጀምር 24 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛውን የኤሌክትሮኒክ ጥናቱን ሲሠራ ቴፑ በሰከንድ 76.2 ሴንቲሜትር ይሮጥ ነበር። በእኛ ልኬት ክንድ ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ሙዚቃን እንደ አቡጀዲ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው ሳስብ ልቤ ይሞላል። ለእያንዳንዷ ቅንጣት ድምፅ እንደዚያ መድከም!

ከዚያ ወደ ራይን ወንዝ ወረድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና የጆሮ ማዳመጫዬን አደረግሁ። ልሰማ የመጣሁት ሽቶክሃውዘን በ1955 እና 1956 እዚህ የሠራውን፣ 13 ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን ሥራ ነው። ስሙ "የብላቴኖቹ መዝሙር" እንደማለት ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነበር። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር የአንድ ልጅ ድምፅ እንደ መስታወት ተሰባብሮ በማሽን ድምፅ መካከል ሲበተን ነው። ቃላቱ አንዳንዴ ይሰማሉ፣ አንዳንዴ ድምፅ ብቻ ይሆናሉ። ደስ አለኝ፣ ግን እንግዳ ነበርኩ።

በኋላ ቃላቱ ከየት እንደመጡ አነበብኩ። ከትንቢተ ዳንኤል ነው። ብላቴኖቹ ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው! አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። ናቡከደነፆር እቶን እሳት ውስጥ የጣላቸው፣ እኛ ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ስናነግሥ የምናስባቸው። ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥለው ነበር። ቀይ ነበልባል መካከል ቆመው፣ መልአኩ ከላይ ክንፉን ዘርግቶ። ልጅ ሆኜ እነሱን እያየሁ ነው ቅዳሴ ያስቀደስኩት። "ይባርክዎ ኵሉ ግብሩ ለእግዚአብሔር፣ ስቡሕኒ ውእቱ ወልዑልኒ ውእቱ ለዓለም" የሚለውን ትርጉሙን ሳላውቅ ሸምድጄው ነበር። ፀሐይና ጨረቃ፣ ዝናብና ጠል፣ እሳትና ብርድ፣ ሁሉም ያመስግነው እያለ የሚዘረዝረው ያ ጸሎት ነው። ኮሎኝ ውስጥ በምላጭ ተቆርጦ የተቀጠለው ያው ጸሎት ነው።

ዛሬ ወንዙ ዳር ስሰማው ልጁ ሲዘምር እሳቱ ውስጥ ያለ መሰለኝ። የማሽኑ ድምፅ ነበልባሉ ነው። ልጁ አይቃጠልም፣ ድምፁ ግን ይንቀለቀላል። ይህ የእኔ አሰማም ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ይሰማ ይሆናል።

ግንቦት 1956 ላይ እዚሁ የራዲዮ ጣቢያው አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ መድረክ ላይ ሰው አልነበረም። ድምፁ የሚመጣው ከአምስት የድምፅ ማጉያ ቡድኖች ነበር። አድማጩ በድምፅ ተከቦ ተቀመጠ። ማኅሌት ላይ ያደረ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። በቀኝ ያሉት ይጀምራሉ፣ በግራ ያሉት ይቀበላሉ፣ መካከል የቆመው ሰው ላይ ዜማው ከዚህም ከዚያም ይወርድበታል።

እሑድ፦ ቅዳሴና ኤርፖርት

ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ከበሮው ሲጀምር ጸናጽሉን ብቻ ለይቼ ለመስማት ሞከርኩ። ሃያ ሰው ጸናጽል ሲመታ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይመታም። የፀጉር ስንጣቂ ያህል ይለያያሉ። ድምፁ ሰፊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሲንተሳይዘር ላይ ሁለት ኦስሌተር (ድምፅ አመንጪ) ትንሽ አዛንፈን ድምፁን የምናሰፋው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ለአንድ ዲያቆን ነገርኩት። ፈገግ ብሎ "እኛ ግን ልናዛንፍ ብለን አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው።

ከሰዓት ብቻዬን ወደ ኮሎኝ ቦን ኤርፖርት ሄድኩ። ከከተማው በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የምሄድበት በረራ የለኝም። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚህ ኤርፖርት ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው ለኤርፖርት የሚሆን ሙዚቃ የመሥራት ሐሳብ የመጣለት። አልበሙ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወጣ። ሕንፃውን የነደፈው ፓውል ሽናይደር-ኤስሌበን ነው። የእሱ ልጅ ፍሎሪያን ሽናይደር ደግሞ ክራፍትቨርክ የሚባለውን የጀርመን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የሙዚቃ ታሪክ ሲገናኝ ማየት ያስደስታል። ተርሚናሉ ባዶ ኮንክሪት ነው፣ ማዕዘኑ ብዙ ነው፣ ድምፅ ይመላለስበታል።

ኢኖ ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ጥቂት ድምፆችን ለየብቻ ቀዳ። ከእነሱም አንዳንዱ የሴቶች አንድ ኖታ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቴፕ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ዝም ብሎ እንዲዞር አደረገው፤ ሉፕ ይሉታል። አንዱ በ23 ሰከንድ ተኩል ዞሮ ይመጣል። ሌላው ወደ 26 ሰከንድ ይጠጋል፣ ሌላው ወደ 30። ርዝመታቸው ስለማይገጥም ሲገናኙ ሁልጊዜ በአዲስ መልክ ነው። ደራሲው ሕጉን ያወጣል፣ ሙዚቃው ራሱን ይሠራል። ጄኔሬቲቭ የሚባለው ሙዚቃ ይህ ነው።

ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ባሕረ ሐሳብ ትዝ አለኝ። አያቴ አጽዋማትንና በዓላትን ሲያወጡ በጣታቸው አንጓ ይቆጥሩ ነበር። የጨረቃ ዑደት በ19 ዓመት ይዞራል። የፀሐይ ደግሞ አራቱ ወንጌላውያንና ሰባቱ ዕለታት ተባዝተው በ28 ዓመት። ሁለቱ አንድ ላይ ተነሥተው እንደገና በአንድ ቀን ለመገናኘት 532 ዓመት ይፈጅባቸዋል። ዐቢይ ቀመር የሚባለው እሱ ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ቦታ የሚቀይረው ማንም ስለሚያዘው አይደለም። ሁለት መንኮራኩር በየራሱ ፍጥነት ስለሚዞር ነው። አያቴ ቴፕ አልነበራቸውም፤ ሉፕ ግን ያውቁ ነበር።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ፒዩር ዴታ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር እጠቀማለሁ። የአባቴን ቅጂ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። አንደኛው 19 ሰከንድ ነው፣ ወፍራሙ አውታር ሲመታ ይጀምራል። ሁለተኛው 28 ሰከንድ ነው፣ የእናቴ ድስት ክዳን ሲወድቅ ይጀምራል። 19 በ28 ሲባዛ 532 ነው። በሰከንድ ሲሆን 8 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። የበርሊኑ ምሽት ለእያንዳንዱ ቡድን 10 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይደለም።

ሰኞ፦ መንገድ ላይ

ባቡሩ ዘገየ። ሃኖቨር ላይ የምቀይረው አመለጠኝ። ጣቢያው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጥቅምት ነው። ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ።

ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከፓሪስ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 የባቡርና የድስት ድምፅ ቀድቶ ሥራዎቹን አሰማ ይባላል፤ ልክ ነው። ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1944፣ ካይሮ ውስጥ ሐሊም ኤል-ዳብ የሚባል ወጣት ግብፃዊ ድምፅን በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ ወጣ። የቀዳው ምን መሰላችሁ? የዛር ሥርዓት። ሴቶቹ ሲዘምሩ ቀድቶ ወደ ራዲዮ ስቱዲዮ ወሰደው። እዚያ የድምፁን መነሻ ቆርጦ ጥሎ፣ ማስተጋባት ጨምሮ፣ ማን እንደሚዘፍን የማይለይ ነገር አደረገው። ዛርን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ኤል-ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ ከበሮውን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበ እሱ ነው። በ2017 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ስሙ በየትምህርት ቤታችን ሊነገር ይገባ ነበር። በጣም ይቆጨኛል።

ሃልበርሽታት ስደርስ ጨልሟል። ሆቴል ገብቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ፦ ሃልበርሽታት

ሃልበርሽታት ከሃርዝ ተራሮች በስተሰሜን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሚያዝያ 8 ቀን 1945 በአየር ድብደባ አብዛኛዋ ፈርሳለች። አሮጌና አዲስ ቤት ጎን ለጎን ቆሟል። ቡርካርዲ ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ዳር ነው፣ ከአሮጌ ገዳም ግቢ ውስጥ። ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይጠጋዋል። ገዳሙ ከተዘጋ በኋላ ጎተራ ሆኗል፣ አረቄ ተጠምቆበታል፣ አሳማም ታጉሮበታል። ዛሬ ውስጡ ባዶ ድንጋይ ነው። ወንበር የለም፣ ሥዕል የለም።

አንድ ድምፅ ብቻ አለ።

በሩን ስከፍት መጀመሪያ የሰማሁት መሰለኝ እንጂ አልሰማሁትም። ሰውነቴ ነው የሰማው። ከዚያ ጆሮዬ ደረሰበት። ጥቂት የኦርጋን ቧንቧዎች አንድ ላይ ሆነው የማይቋረጥ ድምፅ ያወጣሉ። የሚጫወት ሰው የለም። ቁልፎቹ በትናንሽ የአሸዋ ከረጢቶች ተጫምነዋል። አየሩን የሚሰጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወናፍ ነው። ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ኦርጋኑ በመስታወት መሰል ሳጥን ተከልሏል።

ሥራው የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅ ነው። በ1987 ለኦርጋን ያዘጋጀው ሲሆን መመሪያው "በተቻለ መጠን በዝግታ" የሚል ነው። ኬጅ በ1992 ሞተ። ከዚያ በኋላ ሙዚቀኞችና ፈላስፎች ተሰብስበው "በተቻለ መጠን" ማለት ምን ያህል ነው ብለው ተወያዩ። ኦርጋን ካልተሰበረ ድምፁ አያልቅም። በመጨረሻ አንድ ቁጥር መረጡ። በዚህ ከተማ በ1361 ታዋቂ የሆነ ትልቅ ኦርጋን ተሠርቶ ነበር። ከዚያ እስከ 2000 ድረስ 639 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ይህ ሥራም 639 ዓመት ይፈጃል። መስከረም 5 ቀን 2001 ተጀመረ። የሚያልቀው በ2640 ነው፣ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር።

ሲጀመር ደግሞ ዝምታ ነው የተጀመረው። ጽሑፉ በዕረፍት ስለሚነሣ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ወናፉ ብቻ ሲተነፍስ ቆየ። የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማው የካቲት 2003 ነው። ከ2013 እስከ 2020 ድምፁ ሰባት ዓመት ገደማ ሳይቀየር ኖሯል። አሁን የምሰማው በየካቲት 5 ቀን 2024 የተቀየረውን ነው። የሚቀጥለው ለውጥ ነሐሴ 5 ቀን 2026 ነው። ድምፅ የሚለወጥበት ቀን ከሩቅ አገር ሁሉ ሰው ይመጣል።

ቀመሩን በራሴ አሰላሁት። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። ይህ ሥራ ከዚያም 107 ዓመት ይበልጣል። 639 ዓመት ወደ ኋላ ብንቆጥር ዐፄ ዳዊት ዘመን ላይ እንደርሳለን። ያኔ አንድ ሰው በገና ይዞ ተቀምጦ የመጀመሪያውን አውታር መትቶ ቢሆን ኖሮ፣ መዝሙሩ ዛሬ ነበር የሚያልቀው።

ሁለት ሰዓት ቆየሁ። መጀመሪያ ቆሜ። ከዚያ ዞርኩ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብል ከፍተኛው ድምፅ ይጎላል። አንገቴን ትንሽ ባዞር ይጠፋና ወፍራሙ ይመጣል። ድምፁ አይንቀሳቀስም። ሞገዶቹ ከግድግዳው ጋር ተጋጭተው አየሩ ውስጥ ቦታ ቦታ ይዘው ቆመዋል። በመካከላቸው የምሄደው እኔ ነኝ። ዜማውን በእግሬ ነው የምሠራው። አንዲት አሮጊት ገብተው አጠገቤ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ። ሳናወራ አብረን ቆየን። ሲወጡ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተሰናበቱኝ።

ግድግዳውን ተከትሎ ትናንሽ የብረት ሰሌዳዎች አሉ። እያንዳንዱ ሰሌዳ የአንድ ዓመት ነው። ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች የመረጡትን ዓመት ይዘው የፈለጉትን አስጽፈውበታል። አንዳቸውም ያን ዓመት አይደርሱበትም። እያነበብኩ ስሄድ ለሙታን ተዝካር ሳይሆን ገና ላልተወለደ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ የማነብ መሰለኝ።

ከመውጣቴ በፊት መጨረሻ ላይ ትዝ ያለኝ አባቴ በገና ከመጀመሩ በፊት የሚያደርገው ነው። እጁን አውታሩ ላይ ያሳርፍና ዝም ይላል። ልጅ ሆኜ ያ ዝምታ ይሰለቸኝ ነበር።

ረቡዕ፦ በርሊን

በማግደቡርግ አድርጌ በርሊን ገባሁ። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ዘንድ ነው የማርፈው። ከሰዓት ሃሌሸስ ኡፈር ሄድን። በ1960ዎቹ መጨረሻ እዚህ ቦዩ ዳር፣ ዛሬ ቴአትር በሆነው ሕንፃ ውስጥ፣ ዞዲያክ የሚባል ቤት ተከፍቶ ነበር። ሙዚቀኞቹ ኮንራድ ሽኒትስለርና ሃንስ-ዮአኺም ሮዴሊየስ ከከፈቱት ሰዎች መካከል ናቸው። አንዱ ክፍል ሙሉ ነጭ፣ ሌላው ሙሉ ጥቁር ነበር። መሣሪያና ማጉያ ተቀምጧል፣ የፈለገ ያነሣል። የቆየው ጥቂት ወራት ነው። ከዚያ የወጡት ሰዎች ግን የአገሪቱን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቅጣጫ ለወጡት።

ከዚያ ኮትቡሰር ቶር ሄድን፣ የሞዱላር ሱቅ ለማየት። ሞዱላር ሲንተሳይዘር ማለት እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚሸጥበት፣ አንተ በገመድ የምታያይዘው ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበትን መጠን በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ዲተር ዶፕፈር የሚባል የሙኒክ አካባቢ ሰው ነው። ቁመቱ 128.5 ሚሊሜትር ነው። አንድ ቮልት ሲጨምር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፣ ማለትም ንዝረቱ እጥፍ ይሆናል። ይህን ደንብ ከተከተለ ከአንዱ ፋብሪካ የመጣ ክፍል ከሌላው ጋር ይስማማል። ጓደኛዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ሱቁ ውስጥ ገመድ ሰክቶ የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያወጣ ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። ግማሽ ሰዓት አላነሣሁትም።

ሐሙስ፦ ኖይኬልን፣ ምድር ቤት

ምሽቱ የሚካሄደው ኖይኬልን በሚባለው የበርሊን ሰፈር፣ በአንድ ምድር ቤት ነው። ሠላሳ ሰው ቢገባ ይሞላል። ደንቡ አጭር ነው። ስም በወረቀት ይጻፋል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ሦስት ሦስት ሰው አብሮ ይጫወታል። አስቀድሞ መነጋገር የለም። ልምምድ የለም። 10 ደቂቃ።

ይህን ደንብ ስሰማ የቅኔ ቤት ነው ትዝ ያለኝ። ቅኔ ይዘረፋል ነው የሚባለው። መምህሩ ፊት ቆመህ ከዚያው ትዘርፋለህ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ኢምፕሮቫይዜሽን ለሚለው ቃል ከ"መዝረፍ" የተሻለ አማርኛ አላገኘሁም። ደግሞም ሕግ የሌለው ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት የሚባል ስንኝ አለው፣ ቁጥር አለው። ነፃነቱ ከዚያ ውስጥ ነው።

ዕጣው አንዲት ባሪቶን ሳክስፎን የያዘች ሴትና አንድ ሽማግሌ አደረሰኝ። ሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ ሰፊ ብረት አንጥፈው ንዝረቱን የሚቀበል ኮንታክት ማይክራፎን ለጥፈውበታል። በጣታቸው፣ በብሩሽ፣ በሰንሰለት ይነኩታል። እኔ ሁለቱን ሉፖች ይዤአለሁ። ሞዱላሩን ፊልተር ብቻ እንዲሆነኝ አስተካከልኩት። መብራቱ ሲቀንስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለቀቅኳቸው።

አውታሩና ክዳኑ አንድ ላይ ተመቱ። ከዚያ ተለያዩ።

የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ሳክስፎኗ አልነፋችም። ትሰማ ነበር። ሽማግሌው ብረቱን በመዳፋቸው ሲያሹት ሹሹታው ከእንዚራዋ ድምፅ ሥር ገባ። ደነገጥኩ፤ የትኛው የአባቴ፣ የትኛው የሳቸው እንደሆነ ለመለየት አቃተኝ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሴትዮዋ ገባች። ኖታ አልነበረም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። የአውታሩን ዙር ቆጥራ ነው መሰለኝ ሊመታ ሲል ትቀድመዋለች። አንዳንዴ ትስታለች፤ ስትስት የበለጠ ያምራል። ክዳኑ ሲወድቅ ሽማግሌው በሰንሰለት ይመልሱለታል። ውሻው ሲጮህ ከተመልካቹ አንድ ሰው ዞር ብሎ በሩን አየ።

አምስተኛው ደቂቃ ላይ እጄን ከፊልተሩ አነሣሁ። የምጨምረው አልነበረም። እነሱ ሲጫወቱ ተቀምጬ ሰማሁ።

ስምንት ደቂቃ ሲያልፍ ሰዓቴን አየሁ። ለማንም አልነገርኩም። ሳክስፎኗ ወርዳ ወርዳ ከወፍራሙ አውታር ጋር እኩል ሆነች። ብረቱ ሊሰማ እስኪያቅት ቀነሰ። ሁለቱም አንድ ነገር እንደሚመጣ አውቀዋል፤ እንዴት እንዳወቁ እንጃ። አውታሩ 28 ጊዜ ዞረ። ክዳኑ 19 ጊዜ ዞረ። ስምንት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ላይ የአባቴ ጣትና የእናቴ እጅ አንድ ላይ ወደቁ። ሴትዮዋ ሳክስፎኗን ከከንፈሯ አወረደች። ሽማግሌው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። እንዚራዋ እዝዝ እያለች ቆየች፣ ቀጠነች፣ ከክፍሉ ትንፋሽ ጋር ተቀላቀለች።